ቀሪ በሉኝ

ትናንት ከቀብር መልስ፣ መካነ መቃብሩ በር ላይ የእድራችን ስም ጥሪ ተጀመረ። እዚህ ነቀምቴ የእኛ ሰፈር እድር በቀብር ቀልድ አያውቅም። ጸሐፊው ይጠራል፣ የተጠራው «ጅራ» ይላል... አለሁ ማለት ነው። ዝም ካለ ቀሪ ነው። ቀሪ ደግሞ ሐዘንተኛ ቤት ሦስት ቀን ድስት ያጥባል።

እኔና ባሌ ከጊዳ አያና በረብሻው ጊዜ ነው ሸሽተን የመጣነው፣ የለበስነውን ብቻ ይዘን። በወሩ እሱ አረፈ። እድርተኛ አልነበርንም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ድንኳን ተክለው፣ አስከሬኑን ተሸክመው፣ አብረውኝ አልቅሰው ቀበሩልኝ። ይህን የረሳሁ ቀን እኔን ሰው አትበሉኝ። ከዚያ «እድሩ ውስጥ ገብተሻል» ተባልኩና ደስ አለኝ።

ግን ስሜ አይጠራም። ሁለት ቀብር ላይ ረስተውኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ሦስተኛው ነው... የጎረቤቶቼ ስም በሙሉ ተጠርቶ ጸሐፊው መዝገቡን ሊዘጋ ሲል አፌ አልቻለም።

«እኔስ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ፈይሳ ጠጋ ብለው በለሆሳስ አስረዱኝ። ደግ ሽማግሌ ናቸው። ስሜ ያለው ለካ ከመዝገቡ ኋላ፣ «ድጋፍ የሚደረግላቸው» የሚል ገጽ ላይ ነው። መዋጮም ሥራም ቀብር መቆምም አይመለከተኝም። ብሞት ግን ድንኳኑ ይመጣልኛል።

«አዴ የሺ፣ የደረሰብሽ ይበቃል። አንቺ እንድታርፊ ብለን ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ደግ በዋለ ሰው ላይ መቆጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተቆጣሁ። ያን ሁሉ ቀብር ቆሜ ያለቀስኩት ለካ በእንግድነት ነው...

«ለባሌ ያደረጋችሁትን እግዜር ይክፈላችሁ። መዋጮው ባይሆንልኝ ጉልበት አለኝ። ስመጣ አለች፣ ስቀር ቀሪ በሉኝ። ቀሪ የማይባል ሰው እኮ ኖረም አልኖረም አንድ ነው።»

አንዱ ከኋላ «ምስጋና ቢስ» ሲል ሰማሁት። ይበል። እኔ ምስጋናዬን እጄን አጣምሬ ቁጭ ብዬ አልከፍልም።

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጸሐፊው ዞሩና መዝገቡን አስከፈቱ። ከኋላው ገጽ ስሜን ሰረዙት፣ ከአባላቱ መጨረሻ በእጃቸው ጻፉት። ራሳቸው ጠሩኝ።

«የሺ።»

«ጅራ!» አልኩ። ይህ ከወላጆቼ የወረስኩት የወሎ አፌ ኦሮምኛውን ትንሽ አጣሞት ይሆናል... እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን መዝገቡን ሳይዘጉ ቀና አሉ።

«ያለፈው ወር ቀብር የት ነበርሽ?»

አርጆ፣ እህቴ ዘንድ ነበርኩ። አስፈቅጄ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማንን ላስፈቅድ... አላስፈቀድኩም። «ቀሪ» ብለው ጻፉብኝ።

ይህን የምጽፈው ከሐዘንተኛው ቤት ጓሮ ነው። እጄ እስከ ክርኔ ጥላሸት ስለሆነ ስልኬን የምነካው በትንሿ ጣቴ ነው። አንዱን ብረት ድስት ፈትጌ ስጨርስ ሁለት ያመጡልኛል። ሴቶቹ አዝነውልኝ እየመጡ ላግዝሽ ይሉኛል...

ሁሉንም እያባረርኳቸው ነው፤ ቅጣቱ የራሴ ነው።