ከመጥረጊያው አጠገብ ያለው ብርጭቆ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ፊደል በትልቅነቴ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ስጽፍ መስመሩ ይጣመምብኛል። ግን ይሄን ነገር ሳልጽፈው መተው አልቻልኩም። የጎደለውን እናንተው ሙሉልኝ።

ዳቦ ቤታችን ውስጥ ሊጥ የምታቦካ ሴት አለች። እርሾ ነው የምንላት፤ እጇ የነካው ሊጥ ኩፍ ስለሚል።

መጀመሪያ ክርኗ ላይ ነጭ ነገር ታየ። ዱቄት መስሏት እፍ አለችው፤ አልሄደም። በውሃ አሸችው፤ ከሥሩ ቀይ ወጣ። እያደር ክንዷን ይዞ ወደ እጇ ጀርባ ወረደ። እንደ ደረቀ ሊጥ እየተቀረፈ ይረግፋል። ጠዋት አንሶላው ላይ የረገፈውን ስታይ የገዛ ገላዋ አስጠላት። ባሏ ሳያይ በመዳፏ ትጠርግና በመስኮት ታራግፈዋለች።

እንግዲህ እርሾ የሊጥ ሰው አይደለች? ጠረጴዛ ላይ የደረቀ ሊጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ በብረት ይፋቃል፣ አለቀ። አንድ የተጣለ የሊጥ መፋቂያ ብረት ቤቷ ወስዳ ክንዷን ትፍቀው ጀመር። ደም ጠብ ሲል «ይኸው ጸዳ» ትላለች። ቁስሉ ሲደርቅ ብሶበት ይመጣል።

ባሏ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወሬ ያምናል። ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ በጣሳ ቅባት አመጣላት። የከረፋ ሞራ ከምን ጋር እንደተለወሰ እግዜር ይወቀው፤ ክዳኑ ሲነሳ ቤቱ የሞተ አይጥ ያለበት ይመስላል።

«ደምሽ ደክሞ ነው አሉኝ። ይሄ ገላሽን ያበረታዋል» አላት አፍንጫውን ይዞ።

«አንተ አፍንጫህን ይዘህ እኔን ተቀቢ ትላለህ?»

«መድኃኒት እንደ ሽቶ ይሸታል እንዴ፣ የኔ እመቤት?»

ተቀብታው ሥራ መጣች። ምድጃ ላይ የሚሠራው ሰውዬ ምላሱ ከእሳቱ ይብሳል። «እናንተ፣ ዳቦው ዛሬ ሳይጋገር ሻገተ!» ብሎ አሳቀባት። ሲጠጋ ክንዷን አየ። «ኧረ በናትሽ ወዲያ በይልኝ! በኋላ ለሁላችን ታጋቢዋለሽ!»

ይሄን የሰማው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሰው ማስቀየም አይወድም። ሻይ የምንጠጣባቸው ብርጭቆዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ መደርደሪያ ላይ ይደረደራሉ። በማግስቱ አንዱ ወርዶ መሬት ላይ፣ ከመጥረጊያው አጠገብ ተቀምጧል። እንዳይሳሳቱ ቀይ ክር ታስሮበታል።

«እህቴ፣ ለአንቺው ብዬ ነው» አላት ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ። «ከሊጡም ራቅ በይ። ካልተሻለሽ ግን… እንግዲህ ሌላ አቡኪ መፈለጋችን ነው።»

የመጥረጊያው ጭራ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁላችንም አይተናል፤ ያወጣ የለም። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ይሄ ነው እንጂ ቆዳዋ አይደለም።

ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሟ ክንዷን በባዶ እጇ ስትይዛት እርሾ ልትነጥቃት ሞከረች።

«ይጋባብዎታል፣ ዶክተር!»

«አይጋባም። ሶሪያሲስ ይባላል። ሰውነታችን ጀርም የሚዋጉለት ዘበኞች አሉት። የእርስዎዎቹ ተሳስተው የገዛ ቤታቸውን ይደበድባሉ። ቆዳው ይቸኩልና ሳይበስል በላይ በላዩ ይደራረባል፤ የሚረግፈው እሱ ነው።»

«ደሜ ደክሞ አይደለም?»

«ምን ደክሞ! እንዲያውም ዘበኞቹ ከልክ በላይ ተቆጥተዋል። በዘር የመምጣት ነገር አለው፤ ጭንቀት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ቁስልም ይቀሰቅሰዋል።» ከዚያ ክንዷን ወደ ብርሃን አዞረችው። ቅርፊቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። «ይሄን ምን አደረጉት?»

እርሾ አንገቷን ደፋች። «ፋቅሁት… በሊጥ ብረት።»

«በፋቁበት ነው አዲሱ የበቀለው።»

እርሾ ዘገነናት። ልታጸዳው ስትል ስትዘራው ነው ለካ የከረመችው።

ሐኪሟ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። እሱ ካልበቃ የብርሃን ሕክምና አለ አለቻት፤ ከዚያ ካለፈም ዘበኞቹን የሚያበርዱ እንክብሎችና መርፌዎች አሉ፣ እነሱ ግን ለሌላ በሽታ ሊያጋልጡ ስለሚችሉ በምርመራ ክትትል ነው የሚሰጡት። «ጨርሶ አይነቀልም። ይተኛል፣ አንዳንዴ ይነቃል።»

«ሊጡስ፣ ዶክተር?»

«ቁስሉ እስኪድን በጓንትና በረጅም እጅጌ ያቡኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ጣሳውን ቆሻሻ መጣያ ላይ ደፋችው። የሰፈሩ ውሻ ሮጦ መጣ፣ አሸተተ፣ አስነጠሰና ተመለሰ። ዳቦ ቤት እንደገባች ብርጭቆዋን ከመሬት አነሳች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ በፈላ ውሃ አጥባ ከሌሎቹ መሃል ከተተችውና ሁሉንም አዟዟረቻቸው።

«የእሷ የትኛው ነው?» አለ ባለ ምድጃው ደንግጦ።

«ምላስህ ስለታም አይደል? ቅመስና ለየው! አይጋባም ብላኛለች ሐኪሟ።»

ባለቤቱ ከብርጭቆዎቹ አንዱን አነሳ፣ ሻይ ቀዳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ኮሶ ጠጣው። ከዚያ በአገጩ ወደ ሊጡ ጠቆማት።

ባለ ምድጃው ሳይጠጣ ዋለ። እርሾ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ሳበች፣ ጓንቷን አጠለቀች።

«ዱቄት አቀብሉኝ» አለች።