በእህቴ ስም የታሰሩት

ታላቅ እህቴ የጠፋ ዕቃ ያለበትን ታውቅ ነበር። ስኒ አትገለብጥም፣ ዛር አለብኝ አትልም። ከአቃቂ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ፈትል ክፍል አብረን እንሠራ ነበር። አንዱ ቁልፍ ጠፋብኝ ሲላት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ «ወንዙ ዳር፣ ልብስ ያጠብክበት ድንጋይ ሥር» ትለዋለች። ሄዶ ያገኘዋል። ጎረቤታችን የቃል ኪዳን ቀለበቷን ያገኘችው በእሷ ነው።

አንድ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ይቋቋም የሚል ወረቀት ተበትኖ ተገኘ። በሳምንቱ ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች መጥተው እህቴን ከማሽኗ ላይ ጠሯት። «የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አሏት። ለእኔ ግን ነገረችኝ። ከተማ ወስደው፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ቢሮ አስገብተው፣ የሠራተኞቹን ጉርድ ፎቶግራፍ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩላት።

«ወረቀቱን የበተነው የትኛው ነው?» አላት አለቃቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ የማየው የጠፋ ዕቃ ነው። የሰው ሆድ አላይም።»

ሻይ አስመጣላት። ሦስት ጊዜ ወሰዷት፤ ሦስቴም ይህንኑ መለሰች። በመጨረሻው ቀን፣ «በቃ፣ ሥራሽን ጨርሰሻል» ብሎ አሰናበታት። ምን እንደጨረሰች አልገባትም።

በማግስቱ አምስት ሠራተኞች ከፋብሪካው በር ላይ ተይዘው ተወሰዱ። ካቦአችን መሐላችን ቆሞ፣ «ከእንግዲህ መደበቅ የለም፤ የምታይ ሴት አለችን» አለ። ስሟን አልጠራም። ሁሉም ዞሮ እህቴን አያት።

ከአምስቱ አንዱ የጎረቤታችን ባል ነበር። ሚስቱ ደጃችን መጥታ፣ «ቀለበቴን ያገኘሽልኝ ባሌን ልትበዪ ነው?» አለቻት። ሴትዮዋ እንደሄደች እኔም፣ የእናቷ ልጅ፣ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አሳይተሻቸዋል?»

ትክ ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ወር ሳይሞላት ሥራዋን ትታ ሞጆ ሄደች፤ ሰው ቤት ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጠረች።

የጎረቤታችን ባል ከሁለት ዓመት በኋላ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ተፈታ። በማግስቱ ቤቴ መጣ።

«እህትሽ የለችበትም» አለኝ። «ሲመረምሩኝ የስማችንን ዝርዝር አሳይተውኛል። የካቦው እጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑም ተጽፎበታል፤ እሷን ከመውሰዳቸው በፊት ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እነዚያ ሰዎች ታያለች ብለው አንድም ቀን አላመኑም። ስም ለሰጣቸው ካቦ መሸፈኛ ፈለጉ፤ እህቴን አገኙ። እኛም የራሷ ሰዎች አመንናቸው።

ሞጆ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ፣ ምሳ አበላችኝ፤ ተመለሽ ስላት ግን፣ «እዚያ ሰፈር ምን አለኝ?» አለች። እዚያው ኖራ እዚያው ተቀበረች።

ካቦው ጡረታ እስኪወጣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ሲሞት የእድራችን ድንኳን ተተከለለት። እኔ አልሄድኩም። የእድሩ ዳኛ በስብሰባ ላይ ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ ተነሥቼ ሁሉንም ከነስሙ ተናገርኩ። «የሞተ ሰው አይወቀስም» አሉኝ።

«በሕይወት እያለ ማን ወቀሰው?» ብዬ ወጣሁ።