አጎቴ የሮቦት ውድድር ያዩ ዕለት

«ለሴት ልጅ ስሟን መጻፍ ከቻለች ይበቃታል!» ብለው ከሰባተኛ ክፍል ያስወጡኝ አጎቴ ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቤቴ ለምሳ መጡ። ቴሌቪዥኑ ዓለም አቀፍ የሮቦት ውድድር ያሳያል። አንዱ ሮቦት ይታገላል፣ ሌላው ኳስ ይለጋል፣ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚዋኝም አለ። በትግሉ ያሸነፈውን ሮቦት የሠራችው ሒጃብ የለበሰች ልጃገረድ ናት።

«ማሻአላህ! የታደለ አባት!» አሉ አጎቴ ጭናቸውን እየመቱ።

እኔ ልጄን አቅፌ ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ዞር ብለው በትዝብት አዩኝ።

«አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው ትምህርት የጠላሽው?»

ወላሂ፣ ደሜ ፈላ! እስቲ ፍረዱኝ፣ እኔ ነኝ የጠላሁት? ተነስቼ ምሳውን ላቀርብ ጓዳ ገባሁ።

ዓሣ ሳቀርብላቸው ሁልጊዜ እሾሁን ለቅሜ ነው። ያን ቀን ከነእሾሁ አስቀመጥኩላቸው።