ወንፊት ያላየችው በር

በዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጥናት ትምህርት ክፍል ጸሐፊ የሆነችውን ሴትዮ ተማሪዎቹ «ወንፊት» ይሏታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። የነፃ ትምህርት ዕድልም ሆነ የተግባር ልምምድ፣ ለተማሪዎቹ የመጣ ማስታወቂያ ሁሉ በእሷ እጅ ሳያልፍ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሰሌዳ አይለጠፍም። ማለፍ ሲባል ማኅተም መምታት እንዳይመስላችሁ። ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ታክሲ ተሳፍራ፣ ማስታወቂያውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ድረስ ትሄዳለች። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ጉዳይ እንዳለበት ሰው ቁጭ ትልና ታያለች። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ከውስጥ ይቆለፋል? ሥራ አስኪያጁ ሴት ሲያነጋግር በሩን ይዘጋል ወይስ ክፍት ይተዋል? ሠራተኞቹ ሴቶች አለቃቸው ብቅ ሲል ወሬያቸውን ይቀጥላሉ ወይስ ዝም ይላሉ? ዝም ካሉ ማስታወቂያው ቅርጫት ውስጥ ይገባል፤ ይግባኝ የለውም።

ባሕር ማዶ ላለ ዕድል ደግሞ በሩን ማየት ስለማይቻል፣ ቀድማ የሄደች ልጅ አፈላልጋ በስልክ ታዋራለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ፓስፖርትሽ ማን ዘንድ ነው ያለው?» ነው። ልጅቷ ለመመለስ ትንሽ ካመነታች ወንፊት አመስግና ስልኩን ትዘጋለች፤ የዚያም አገር ነገር በዚያው ያበቃል።

ይህን ሁሉ አድርጊ ያላት ሰው የለም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «አንቺ እኮ ለመርማሪነት ነበር የተፈጠርሽው» እያለ ይቀልድባታል። እሷ አትስቅም። ሥራውን ገና ስትጀምር አንዲት ጎበዝ ተማሪ ከሰሌዳው ላይ ያገኘችውን ያማረ ማስታወቂያ ይዛ ሄዳ፣ «ቢሮ» የተባለው የሆቴል ክፍል ሆኖ ጠበቃት። ሮጣ አመለጠች፤ ትምህርቷን ግን ከዚያ በኋላ አልቀጠለችም። የመጨረሻ ቀኗ የወንፊት ጠረጴዛ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ያለ ቃል ስታለቅስ የዋለችበት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ለወንፊት ተረት አይደለም፤ ያ ወንበር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት የምታሳድጋት የእህት ልጅ አለቻት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከወንፊት ጋር ነው የምትኖረው። አሁን እዚያው ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ዕድለኛ ናት ትሉ ይሆናል፤ ዕድል ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው አክስቷ ጠረጴዛ ላይ ነውና። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ለሌሎቹ ልጆች አንድ ጊዜ የምታየውን በር ለእህቷ ልጅ ስትሆን ደጋግማ ታያለች። ባለፈው ዓመት አንድ ደህና የልምምድ ቦታ ስታጣራ ስታጣራ የማመልከቻው ቀን አለፈ። ከዚያም ሌላ አንድ እንደዚሁ አለፈ። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

በሦስተኛው ግን ዝም አላለችም። መምህሯ ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ጠርታ ስለ አንድ ድርጅት ነገረቻት። ልምምዱን በወጉ ለጨረሰች ተማሪ የሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታልመው ይህንኑ ነበር። ማታ እራት ላይ ለአክስቷ አጫወተቻት።

«የት ነው ቢሮው?» አለች ወንፊት።

«አልነገሩኝም።»

«ስሙስ ማን ይባላል?»

«እሱንም ስደርስ ነው የሚነግሩኝ። አንድ ፋርማሲ በር ላይ ሰው ይቀበለኛል። ብቻሽን ነይ ብለውኛል።»

ወንፊት የጠቀለለችውን እንጀራ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ቢሮ የለው፣ ስም የለው! ይሄ የሥራ ቦታ ነው ወይስ ወጥመድ?»

«መምህሬ ታውቃቸዋለች።»

በነጋታው ወንፊት መምህሯን ኮሪደር ላይ ያዘቻት። መምህሯ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «ደህና ቦታ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ በናትሽ።» ብላት ወደ ክፍሏ ገባች። ወንፊት እዚያው ቆማ ቀረች። ደህና ቦታ ከሆነ ምን ያንሾካሹካታል? ይህችስ መምህር ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ አዲስ ጫማ የምትቀያይረው? ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር። ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ ጫማም ምስክር ይሆናል።

«አትሄጂም» አለቻት ማታ።

«እሄዳለሁ፣ አክስቴ። ወንፊትሽ እኔንም ከገለባው ጋር እየጣለኝ ነው።»

የቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንፊት ራሴን አሞኛል ብላ ከቢሮ ወጣች። ፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከፍራፍሬ ሻጭ ጀርባ ቆመች። ብርቱካን የምትመርጥ መስላ ያልነካችው ብርቱካን የለም፤ ሻጩ «እትዬ፣ ይገዛል ወይስ ይታሻል?» ብሎ እስኪቆጣት። ልጅቷ መጣች። ጃንጥላ የያዘች ሴት ጠጋ አለቻት፤ ሰላም ተባባሉ፤ ከዚያ ሴትዮዋ የልጅቷን ስልክ ተቀብላ አጥፍታ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ወንፊት ወሽመጧ ተቆረጠ። ስልክ የሚቀበል አሠሪ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ስልክ ስለሚቀበል ሌላ ዓይነት ሰው ግን ብዙ ሰምታለች።

ሁለቱ ሴቶች ቀጥ ብለው እንኳ አልሄዱም። አንዱን መንገድ ዞረው ዞረው ተመልሰው እዚያው መጡ፤ ከዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብተው አንድ ግራጫ የብረት በር ዋጣቸው። ምልክት የለውም። አጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። በዚያ ሙቀት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ መጋረጃ ተጋርዷል። አንደኛው መጋረጃ ገለጥ አለና የአንዲት ሴት ፊት ታየ፤ ወንፊትን እንዳየ ጠፋ።

ፊት ለፊት ያለውን ባለ ሱቅ ጠየቀችው። «እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለ። «ሴቶች ሲገቡ አያለሁ። ሲወጡ ግን አላይም።»

ሰዓቱ ሄደ። ልጅቷ አልወጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። ወንፊት ወንድሟ ጋ ደወለች። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከድምፁ የተነሳ ጓደኞቹ «ነጎድጓድ» ይሉታል። እህቱን ሲወዳት ለጉድ ነው። «እታለም፣ ከዚያች ንቅንቅ እንዳትዪ!» አለና ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ መጣ። መኪናው ጠባቡን መንገድ ሞላው። ዘሎ ወርዶ ሁለት እጁን ጨብጦ በሩን ይደበድበው ጀመር።

«ክፈቱ! ልጃችንን አውጡ! ካልከፈታችሁ እገነጥለዋለሁ!»

ከግቢው ውስጥ ይሰማ የነበረው የልጆች ድምፅ እልም አለ። አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ ምንም የለም። ነጎድጓድ ዝምታው ይብስ አናደደውና በእርግጫ ይለው ጀመር። በመጨረሻ ከውስጥ የልጅቷ ጩኸት መጣ።

«አጎቴ ነው! አትፍሩ፣ የእኔ አጎት ነው! አጎቴ፣ ተው! ኧረ በፈጠረህ ተው!»

በሩ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ፀጉሯን ሽበት የወረሰው ሴት፣ የቤቱ ኃላፊ ናት፣ ወንድምየውን ሳይሆን ወንፊትን አየቻት። «ሰውየው መኪናውን ይዞ ከሰፈሩ ይውጣ» አለች ቀስ ብላ። «ከዚያ እርስዎ ብቻዎን ይገባሉ።»

ወንፊት ስትገባ የጠበቀችው ሌላ ነበር። ያየችው አንድ ትልቅ ክፍል ነው። በሩን እንዲደግፍ የተገፋ ጠረጴዛ እሷን ለማስገባት ገለል ተደርጓል። የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ላይ ጨርቁ ግማሽ ድረስ ተሰፍቶ መርፌው እንደተሰካ ቀርቷል። ሰው የለም። ኃላፊዋ «ሄዷል፣ ውጡ» አለች። ከአልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከዕቃ ቤት ሴቶች አንድ በአንድ ወጡ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለችው ግን አልወጣችም። ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ ትንሽ ሴት ልጅ ይዛ፣ መዳፏን በልጇ አፍ ላይ ጭናለች። የልጅቱ ዓይኖች ከመዳፉ በላይ ፈጠው ወንፊትን ያያሉ። አላለቀሰችም። እንዴት ዝም እንደሚባል ለምዳዋለች።

«ሄደ?» አለች እናትየዋ።

«ማን?» አለች ወንፊት።

«ባሌ።»

«ኧረ ወንድሜ ነው... ክፉ ሰው አይደለም...» አለች። ለማን ነው የምትናገረው? እዚያ ክፍል ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ሴት የሰማችው የነጎድጓድን ድምፅ አይደለም። እያንዳንዷ የሰማችው የራሷን ባል ነው። ወንፊት ከባል ዱላ ስላመለጡ ሴቶች፣ ስለ ስውር መጠለያ የተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ በገዛ እጇ ስንት ጊዜ ተይባለች! እጅ ይተይባል፣ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። እፍረት ከእግር እስከ ራሷ ወረራት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እኔ ለልጄ ፈርቼ ነው።»

«ይገባኛል» አለች ኃላፊዋ። ቁጣ የለባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ለወንፊት ይቀላት ነበር። «ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ዛሬ ልንለቅ ነው። እነዚህ ልጆች እዚህ መተኛት የለመዱት ገና በዚህ ሳምንት ነበር።»

የእህቷ ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ቀና ብላ አላየቻትም። «ቤት ሂጂ፣ አክስቴ» አለች ብቻ።

ልጅቷ ቤት የተመለሰችው ሲጨልም ነው፤ ልብሷ አቧራ በአቧራ ሆኖ። ወንፊት እራቱን አሙቃ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና አሙቃ ጠበቀቻት። ልጅቷ እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

«ተቀብለውኛል» አለች። «በሩ ሲደበደብ ልጆቹን ሰብስቤ ስለያዝኩ መሰለኝ። ግን አንድ ነገር አስምለውኛል።»

«ምን?»

«አዲሱን ቦታ ለማንም እንዳልናገር። በተለይ ላንቺ።»

ወንፊት ከፋት። ተናደደችም፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ተናደደች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ የምትገባበትን በር ስታይ ኖራ፣ የራሷ ልጅ የምትገባበትን ልትከለከል! «አንድ ነገር ብትሆኚብኝ የት ብዬ ነው የምፈልግሽ?»

«የእነዚያ ሴቶች እናቶችም እኮ ልጆቻቸው የት እንዳሉ አያውቁም፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ፣ እራቷን መብላት ጀመረች።

ሥራ የምትጀምርበት ጠዋት ወንፊት እንደ ልማዷ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከቤታቸው በር ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ወደ ታክሲው ይሄዳል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ወደ አውቶቡሱ። ለወንፊት ይህን ማወቅ ብቻ ይበቃታል፤ የቀረውን ጠይቃ ትደርስበታለች። ልጅቷ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመችና ቀና ብላ መስኮቱን አየች። እጇን አላውለበለበችም። አልተንቀሳቀሰችም። ዝም ብላ ጠበቀች።

ወንፊት ምን እንደምትጠብቅ ገባት፤ ከመስኮቱ ዞር እንድትልላት ነው። ልጅቷ የምትጠራጠረው እሷን ነው። ወንፊት መጋረጃውን ስባ ዘጋችው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ኮቴዋ ሲነሳ ሰማች፤ ወደ የት እንደሚታጠፍ እንዳትሰማ ሬዲዮኑን ከፍታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው።