ተመስገን ሲባል አቤት ያለው

የቦሌ ሰው መስኮት አያጣም፤ በመስኮቱ የሚያየው ነገር ነው ያጣው። ስለዚህ መጋረጃ ያሰፋል። ከሚሰፉለት አንዷ ወይዘሮ ኣብርሀት ናቸው፤ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው ቅያስ፣ አንዲት ክፍልና አንዲት የስፌት መኪና ያላቸው ሴት። የሆቴሉን፣ የቢሮውን፣ ከውጭ መጥቶ አፓርታማ የገዛውን ዲታ መስኮት ሁሉ ለክተው ሸፍነዋል። የራሳቸው መስኮት ግን እርቃኑን ነው። «እኔን ማን ያየኛል?» ይላሉ።

የሚያያቸውስ አለ። ከበራቸው ፊት ለፊት አንድ ጅምር ፎቅ ተገትሯል። አጥሩ ላይ «የህልምዎ መኖሪያ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ህልሙን ያየው ባለሀብት ግን ብሎኬቱ ሳያልቅ ነቅቶ ሄዷል። ፎቁ አናቱ ላይ ብረት አብቅሎ ቀረ። መስኮት የለውም፤ ያለው የመስኮት ጉድጓድ ነው። ሽፋን የሌለው ዓይን ሰውን እንዴት እንደሚያይ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወይዘሮ ኣብርሀት አንድ ልጅ አላቸው። ታላቁ በሕፃንነቱ ከሞተ በኋላ ስለተወለደ ተመስገን አሉት። ጦርነቱ ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ለአጎቱ ልጅ ሰርግ ወደ ሽሬ ሄደ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ተዘጋ። በኋላ መንገዱም ተከፈተ፤ ስልኩም ተከፈተ። ተመስገን ግን አልመጣም። መርዶውም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ አንድ ነገር አቆሙ። እዚህ አገር «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት የማይቀር ግብር ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለ ያለ ሰው እንኳ ይከፍለዋል። እሳቸው «ደህና» ብለው ያልፋሉ። ሰፈሩ፣ የጎደለውን ሁሉ በጎረቤቱ ላይ የሚያይ ሰፈር፣ ወዲያው ነቃባቸው። ወሬው የንስሐ አባታቸው ጋ ደረሰ።

«ልጄ፣ እግዜርን ማመስገን ትተሻል አሉኝ?»

«አባ፣ ቃሉን ልጄ ይዞት ሄደ። ተመስገን ልል ስጀምር እሱን የምጠራ ይመስለኝና አፌ ይያዛል።»

አባ ዝም አሉ። በዕድሜያቸው ከሰበኩት ስብከት ሁሉ ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም።

አዝመራ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አታውቅም። የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት፤ ጴንጤ፣ ወሎ ሰፈር ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ፣ ቦርሳዋ ከመስታወት ይልቅ ትራክት የሚሉት የስብከት ወረቀት የሚበዛበት። አንድ ቀን «ማለዳህን በምስጋና ክፈት» የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። የእንዲህ ያለ ወረቀት ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ፊቱ ላይ የምትወጣ ጀምበር፣ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር፣ መሐሉ ላይ ትእዛዝ። ትእዛዙም፦ ንጋት ላይ በርህን ክፈት፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ተመስገን» በል፤ ምላሹን ታያለህ። የጻፈው ሰው ተመስገን የሚባል ልጅ የጠፋባት እናት ታነበው ይሆናል ብሎ አላሰበም። ወረቀት ጸሐፊ ሲያስብ ማን አይቶ!

«እኔ የሚካኤል ሰው ነኝ» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት። «የእናንተ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

«እትዬ ኣብርሀት፣ ምስጋና ደግሞ የእኛ የእናንተ አለው እንዴ? ካልፈለጉት የመጋረጃ ልኬት ይጻፉበት!»

ልኬት ጻፉበት። ሲጽፉ አነበቡት።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሩን ከፍተው፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ «ተመስገን» አሉ። አንዲት ጎረቤት በሯን ደርግማ ዘጋች፤ «የሞተ ሰው በስሙ አይጠራም! ምን ልታመጣብን ነው?» እሳቸው ግን አላቆሙም። የዛገ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ከዚያ ይሄዳል፤ ምላሳቸውም እንደዚያው ሆነ። «ውሃ መጣ፤ ተመስገን።» «የአዝመራን ልጅ ሳሉ ለቀቀው፤ ተመስገን።» «መርፌዬ አልተሰበረም፤ ተመስገን።» ሙሉ ቀን ሲሰፉ የነገውን ምስጋና ሲፈልጉ ይውላሉ። ፈልገው አያጡም፤ ነገሩም እሱ ነው፣ የሚፈልግ ያገኛል። ጅምሩ ፎቅ «...ስገን» እያለ ይመልስላቸዋል። ይህ አይገርምም። ባዶ ቤት የሰማውን ይደግማል፤ እንደ አብዛኞቻችን።

አንድ የነሐሴ ማለዳ ጭጋጉ የቆርቆሮውን አጥር ውጦት ነበር።

«ዝናቡ አባራ፤ ተመስገን።»

«...ስገን» አለ ፎቁ። ቀጥሎ፣ ከላይ፣ ከጉድጓዶቹ በአንዱ፦

«አቤ...ት።»

የወንድ ድምፅ ነው። ገደል ማሚቶ ያልተባለውን አይልም።

ወይዘሮ ኣብርሀት የበሩን መቃን ያዙ። ደስታ አይደለም የያዛቸው። ባደጉበት አገር፣ በሕይወት ያለ ሰው በእግሩ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ ሳይታይ አቤት የሚለው የሞተ ነው ይባላል። ድምፁ የልጃቸው ከሆነ፣ ልጃቸው የለም።

ለአዝመራ ነገሯት።

«በኢየሱስ ስም!» ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች። «እትዬ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይሉ! ክፉ መንፈስ ነው!»

«ወረቀትሽ ምላሹን ታያለህ ይል የለም?»

«ይላል፤ ግን... እንዲህ አይደለም!»

«እንዴት ነው ታዲያ?»

አዝመራ ወረቀቱን ገለበጠችው። «ልደውልላቸው?» አለች።

መደወሉን ትተው ወደ ጅምሩ ፎቅ ተሻገሩ። በቆርቆሮው ቀዳዳ አንድ ሽበታም ዘበኛ አጮልቆ አያቸው።

«አንተ፣ ስምህ ማነው?» አሉት ወይዘሮ ኣብርሀት።

ሰውዬው ወደ ኋላው ሸሸት አለ። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ምን?»

«በየማለዳው የሚጠሩኝ! ተመስገን ነኝ፤ ተመስገን ላጲሶ። እዚህ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አንዲት ሴት ከጭጋጉ ውስጥ ስሜን ትጠራለች፤ ‹መርፌዬ አልተሰበረም፣ ተመስገን።› የምን መርፌ? ደውዬ ሚስቴን ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ እላለሁ እኮ!»

አዝመራ እስክታነባ ሳቀች። «ይኸው! ሰው ነው! አንተ ነህ አቤት ያልከው!»

ዘበኛው አልሳቀም። «እኔ? እናቴ ያላየኸው ሲጠራህ አቤት እንዳትል ብላ ነው ያሳደገችኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ እንጂ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ ላይ ማን አለ?»

«ማንም። ደረጃው እኮ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ብቻ ነው። ድምፁ ከዚያ በላይ ነው። እኔም ሰምቼዋለሁ።»

ወይዘሮ ኣብርሀት ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «ድምፁ ቁርጥ ያለ ነው ወይስ የተጎተተ?»

«የተጎተተ። ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ዓይነት።»

«ልጄ ተኝቶ ስጠራው እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ። «እሱ ከሆነ፣ ሞቷል ማለት ነው።» ሜትሩን ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ቀን መኪናቸው አልጮኸም። ነገ ዝም ካሉ ልጃቸው እንደጠፋ ይቆያል፤ የጠፋ ደግሞ ይገኛል። ዝም ካሉ ግን ቃሉ ዳግመኛ ይሄድባቸዋል። ተመስገን ካሉና ያ ድምፅ ከመለሰ፣ እዚያው በራቸው ላይ ልጃቸውን ይቀብራሉ። ለዚህ የሚሆን ትራክት አልታተመም።

ነጋ። ጭጋጉ እንዳለ ነው። አዝመራ በሯ ላይ ሆና ጸሎት ታጉተመትማለች። ወይዘሮ ኣብርሀት በራቸውን ከፍተው ቆሙ። አውሮፕላን ከጭጋጉ በላይ እያጓራ አለፈ፤ ድምፁ ርቆ እስኪጠፋ ጠበቁ።

«ነጋ» አሉ። «ተመስገን።»

«...ስገን።»

ከላይ አንድ ነገር ትንፋሽ ሲስብ ተሰማ፤ አዝመራ እስከ ዛሬ ትምልበታለች። ትንፋሹ ቃል ከመሆኑ በፊት ግን ከታች፣ ከቆርቆሮው ሥር፦

«አቤት!»

የፈራ ሰው ጩኸት ነው፤ ቁርጥ ያለ። ዘበኛው ጋቢውን ጥሎ በሩን በርግዶ ወጣ። «አቤት እትዬ! እኔ ነኝ! እዚህ ነኝ!»

ከላይ ምንም አልመጣም።

«አንተን አልጠራሁም እኮ» አሉት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አቤት አልክ?»

«ሌላው እንዳይቀድመኝ።»

ትኩር ብለው አዩት። እናቱ የከለከለችውን አድርጎ የቆመ ሽማግሌ ነው።

«እንዴት አደርክ?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ሰፈሩ በየበሩ ስንጥቅ ጆሮውን ተክሏል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንዲሁ ነው። እሳቸው ያመሰግናሉ፤ ዘበኛው ይቀድማል። ልጃቸው አሁንም እንደጠፋ ነው። እሑድ ግን የዘበኛው የእረፍት ቀን ነው። በዚያን ቀን ወይዘሮ ኣብርሀት ምስጋናቸውን ሚካኤል ደጅ ደርሰው ነው የሚያቀርቡት፤ በፎቁ ፊት ሲያልፉ ከንፈራቸውን ገጥመው ያልፋሉ።