ቆሼን የዋጠው ዋሽንት

ዋሽንት እጠላለሁ። ዋሽንቱስ ምን አደረገ፤ የምጠላው ከየንባቡ ሥር እየጎተቱ የሚያስገቡትን ነው። እዚህ አገር ሰው አፉን ከፍቶ ሁለት መስመር ካነበበ፣ ከኋላው ዋሽንት ካላለቀሰ ያነበበ አይመስላቸውም። አንዱ ካስገባ ሁሉም ያስገባል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

አምና ገጣሚዎችና ስለ ተፈጥሮ የምንጽፍ ሰዎች የገዛ ሥራችንን እያነበብን የምንቀረጽበት ዝግጅት ላይ ተጋበዝኩ። ይዤ የሄድኩት ስለ ቆሼ አሞራዎች የጻፍኩትን ነው። ያጫወተችኝ ጎረቤቴ ናት። ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ ክምር ላይ፣ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመች ነው ልጇን ያሳደገችው። የቆሻሻ መኪናው ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ አሞራዎቹ እንዴት እንደሚሰበሰቡ፣ ጭልፊቱ ከእጅ እንዴት እንደሚነጥቅ፣ ሁሉንም የነገረችኝ እሷ ናት። ልጇ ግን ትምህርት ቤት «እናቴ ፋብሪካ ነው የምትሠራው» ትላለች። ስለዚህ አንድ ነገር ለመነችኝ።

«የኔን ስም ተዪው፤ ቆሼን ግን ቆሼ ብለሽ አንብቢልኝ። በሰው ፊት ሳታፍሪ ስትጠሪው ልጄ ትስማ።»

18 ማዞሪያ አጠገብ ያለች ትንሽ ስቱዲዮ ገብቼ አነበብኩ። ቆሼ ላይ በደረስኩ ቁጥር ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር።

ቅጂው በተለቀቀ ዕለት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ከፈትኩት። ዋሽንት! ከዋሽንቱ ጋር ምንጭ ይንፎለፎላል፤ ቆሼ ላይ ምንጭ! ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ወፎች ይንጫጫሉ። ይሁን ብዬ ታገስኩ። ነገር ግን ቆሼ የምልበት ቦታ ሲደርስ ዋሽንቱ ከፍ ይልና ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይሻገራል። ቃሉ አንድም ቦታ የለም። ቆርጠው አውጥተውታል። ደሜ ፈላ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ስቱዲዮው ጋ ወረድኩ።

አዘጋጁ ለስላሳ ወጣት ነው። ሻይ ሊያዝልኝ ተነሳ።

«እትዬ፣ ቃሉ ለጆሮ ይከብዳል። ሰው ይሄን የሚከፍተው እኮ ዘና ለማለት ነው። አስተያየቱን ይዩት፤ ሁሉም ‹ሰላም ተሰማኝ› ነው የሚለው።»

«የት ያሉ አሞራዎች መሰሏቸው ታዲያ?»

«ያው... የተፈጥሮ ነዋ።»

«አውርደው! ካልሆነ ስሜን አንሳልኝ።»

«ስምዎን ካነሳንማ ማን አነበበው እንበል?»

«ዋሽንቱ በል!» አልኩትና በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

እስከ ሰፈር በእግሬ እየተሳደብኩ ሄድኩ። ሐሳቤ ጎረቤቴ ሳትሰማው ቀድሜ ልነግራት ነበር። አልቀደምኩም። በሯ ክፍት ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በኔ ድምፅ ያነባል። ጎረቤቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ከልጇ ጎን ተቀምጣለች። ንባቡ አለቀና ቀና ብላ አየችኝ። የተናገረችው ልጅቷ ናት።

«አየሽ እማዬ፣ እሳቸውም አፈሩ።»

«እኔ ብያለሁ! እነሱ ናቸው የቆረጡት!» ብዬ ጮህኩ።

ልጅቷ ስልኩን አየች፤ እኔን አየች።

«ድምፁ ግን የእርስዎ ነው» አለችኝ።