ጋላቢ ሰላም ይላል

ሸዋ ሮቢት ወደምሠራበት ሆቴል የምሄደው በመስኖው ቦይ ዳር፣ የሽንኩርት ማሳውን አቋርጦ በሚያልፍ ቀጭን መንገድ ነው። አስፋልቱን ለከባድ መኪኖቹ ትቼላቸዋለሁ። እግረኛውም ብስክሌተኛውም የሚጋፋው እዚሁ ላይ ነው።

ጠዋት ጠዋት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከፊቴ አይጠፉም። የብስክሌቴን ደወል ስደውል መሀል መንገድ ላይ ይገተራሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን ተናድጄ «አባባ፣ አይሰሙም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እሰማለሁ። እኔ በግ ነኝ የምታቃጭልብኝ? በእኛ ዘንድ ጋላቢ ነው እግረኛን ቀድሞ ሰላም የሚለው» አሉኝ።

እሺ ብዬ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው! እናቴ እንዴት አደረች፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ በእኛ ሰፈር ዝናብ ጣለ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ፣ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ እቁነጠነጣለሁ። ለእያንዳንዱ መልስ «አልሐምዱሊላህ» ሳይሉ አያልፉም። አለቃዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሰላምታ አስረፈደኝ ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ሳምንት ጎማዬ ፈንድቶ ብስክሌቴን እየገፋሁ ስሄድ ከኋላዬ «ሰላም አደርክ ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው በሚነዳው ብስክሌት ላይ ተፈናጥጠዋል። ዘልዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት አደሩ? ላሟም…» ብዬ ሳልጨርስ ማሳውን አልፈው ሄደዋል።

እናቴ እንዴት እንዳደረች እንኳ አልጠየቁኝም።